የካሴት ቅጂዎቼን ከክላውድ ጋር ባመሳስል ምን ያሰጋኛል?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አባታችን ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሲሰበስቧቸው የኖሩትን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ጨርሻለሁ፤ ድምፁን ሳያሳንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ በዋቭ፣ ተቀምጠው በድምሩ ወደ 70 ጊጋባይት ይሆናሉ። ከስብስቡ ግማሽ ያህሉ በየሙዚቃ ቤቱ ይሸጡ የነበሩ የታወቁ ድምፃውያን አልበሞች ናቸው። ሌላው ግማሽ ግን ከእኛ ቤት በቀር የትም የለም፤ አባታችን አዝማሪ ቤት ተቀምጠው በትንሽ ቴፕ የቀረጿቸው የማሲንቆ ጨዋታዎች፣ ዘጌ በተደረገ የዘመድ ሠርግ ላይ የተዘፈነው፣ የአያቴ ፉከራና ቀረርቶ፣ እንዲሁም በየማኅበሩ የተቀዳ እንጉርጉሮ ነው። ካሴቶቹን በየክረምቱ ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ሻጋታ ስለጀመራቸው ከእንግዲህ ብዙ የሚዘልቁ አይመስለኝም።

አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የክላውድ ማከማቻ (ፋይልን በኢንተርኔት በኩል በኩባንያ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያኖር) ከእሱ ጋር እንድጋራና ክፍያውን እሱ እንዲሸፍን ሐሳብ አቅርቦልኛል። የሙዚቃ ፎልደሩ ከክላውዱ ጋር እንዲመሳሰል ካደረግሁት ላፕቶፑ ቢሰረቅም ቢበላሽም ምንም እንደማይጠፋብኝ ይነግረኛል። እኔ ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እንዲህ ያለው ነገር ቢደገም የገዛ ፋይሌን መክፈት እችላለሁ ወይ? የድምፁስ ጥራት እንደነበረ ይቆያል ወይ? ከአልበሞቹ የባለቤትነት መብት ጋር የሚያያዝ ችግርም ይኖር እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከፖሊ ግቢ፦

እህቴ፣ ወንድምዎ የነገሩዎት ነገር ላፕቶፕ ለሚሰረቅበት ቀን እውነት ነው፤ ለሌሎቹ ቀናት ግን አይሠራም። ማመሳሰልና መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የማመሳሰያ ፕሮግራም የተሠራው በሁለት ወገን ያለው ፎልደር ምንጊዜም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲገኝ ነው፤ እዚህ የተጨመረው እዚያ ይጨመራል፣ እዚህ የተሰረዘውም እዚያ ይሰረዛል። ልጅ በላፕቶፑ ሲጫወት የሠርጉን ፎልደር ቢሰርዘው፣ ፕሮግራሙ ትእዛዝ እንደተሰጠው ቆጥሮ ክላውድ ላይ ያለውንም ያነሣዋል፤ ከዚያው አካውንት ጋር የተያያዘ ሌላ ኮምፒውተር ካለም ከዚያም ላይ ያጠፋዋል።

በእርግጥ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም። በጉግል ድራይቭ መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ ድሮፕቦክስም ለነፃ አካውንት የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ለቢሮ ሰነድ ይህ ጊዜ ይበቃል፤ ሰነዱን በማግስቱ ስለምንፈልገው መጥፋቱን ቶሎ እናውቃለን። የሙዚቃ ስብስብ ጠባይ ግን ሌላ ነው። የአያትዎን ቀረርቶ የሚከፍቱት ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘመድ ሲሰበሰብ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን የተሰረዘ ፋይል መጥፋቱ የሚታወቀው በፋሲካ ከሆነ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ለእኔ የማመሳሰል ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚከፈትን ነገር በየቀኑ ለሚከፈት ነገር በተሠራ መሣሪያ እናስጠብቃለን።

ስለ ኢንተርኔት መቋረጥ የጠየቁት በቀጥታ የሚነካው አንድ ቅንብር አለ። ዋንድራይቭም ሆነ ድሮፕቦክስና ጉግል ድራይቭ የኮምፒውተሩን ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ፋይሉን ክላውድ ላይ ብቻ አስቀምጠው ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን የሚያስቀሩበት አሠራር አላቸው። ፎልደሩን ሲከፍቱት ሁሉም ነገር በየስሙ ተደርድሮ ስለሚታይ ያለ ይመስላል። በዋንድራይቭ ከስሙ አጠገብ ሰማያዊ የደመና ምልክት ካለ ግን ድምፁ ኮምፒውተርዎ ላይ የለም፤ ያለው አረንጓዴ ምልክት ያለበት ነው። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ደመና ያለበትን ቢነኩት አይከፈትም፣ ወደ ፍላሽ ልገልብጠው ቢሉም አይገለበጥም። ስለዚህ ማናቸውንም ፕሮግራም ከመጠቀምዎ በፊት ወደ ቅንብሩ ገብተው ፋይሎቹ ሁልጊዜ በኮምፒውተሩ ላይ እንዲቆዩ ማዘዝ ይኖርብዎታል።

በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ፍላሽ የምንሰካ ሰዎች ደግሞ እውነተኛዎቹን ፋይሎች ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ሳናውቀው አንቀርም። እሱ ሲሆን ፋይሎቹ ተደብቀው ነው የሚገኙት፤ ፋይል የሚቆልፈው ዓይነት ከመጣ ግን ማመሳሰያው የተቆለፈውን ፋይል «አዲሱ ቅጂ» ብሎ በጤነኛው ላይ ይጭነዋል። የቀድሞውን ቅጂ መመለስ የሚቻለው አገልግሎቱ የቆዩ ቅጂዎችን የሚያቆይ ከሆነና ጊዜው ካላለፈ ብቻ ነው።

እኔ የምመክረው ፎልደሩ እንዲመሳሰል ከማድረግ ይልቅ ክላውዱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲጠቀሙበት ነው። በድረ ገጹ በኩል በእጅ መጫን ይቻላል። አርክሎን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለመልመድ ትዕግሥት ካለዎት ደግሞ «ኮፒ» እና «ሲንክ» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች አሉት፤ «ኮፒ» ከዚህ የሌለውን ከዚያ ላይ አይሰርዝም፣ «ሲንክ» ግን ይሰርዛል። ለእርስዎ ጉዳይ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው።

የድሮ ካሴት ቤት ሠራተኛ፦

በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤት ውስጥ ስቀዳና ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁንም ሰዎች ካሴታቸውን ወደ ፍላሽ እንድገለብጥላቸው ያመጡልኛል። ከፖሊ ግቢ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ፋይሎቹ ስም ነው፤ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ስብስብ ሲበላሽ ያየሁት በዚህ በኩል ነው።

የአዝማሪ ቤት ቅጂ ያለው ሰው ፎልደሩን ቢከፍተው «ትዝታ»፣ «ትዝታ»፣ «አምባሰል»፣ «ባቲ»፣ «አንቺ ሆዬ»፣ እንደገና «ትዝታ» የሚል ያገኛል። አዝማሪው የተጫወተበትን ቅኝት እንደ ርዕስ አድርገን ስለምንጽፍ ነው። በየካሴቱ ፎልደር ተለይተው ሲቀመጡ ችግር የለባቸውም። ክላውድ ላይ ሲጭኑ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ካፈሰሷቸው ግን አንዱ በሌላው ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ተደጋጋሚ ፋይል አጥፍቶ ቦታ አስለቅቃለሁ የሚል ፕሮግራም ስምን ብቻ እያየ የሚሠራ ከሆነም አራት የተለያዩ ሰዎች የተጫወቷቸውን አራት ትዝታዎች አንድ አድርጎ ሦስቱን ይጥላቸዋል። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት የእያንዳንዱ ፋይል ስም የካሴቱን ቁጥር፣ ገጹን፣ ቦታውንና የሚታወቅ ከሆነ ዓመቱን የያዘ ይሁን። ለምሳሌ «ካሴት 031 ገጽ ሀ ዘጌ ሠርግ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከፎልደሩ ተነጥሎ ቢገኝ እንኳ ምን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። በካሴቱ ወረቀት ላይ አባትዎ በእጃቸው የጻፉትንም ፎቶ አንሥተው ከድምፁ ጋር ያስቀምጡት፤ እኔ ዘንድ ከሚመጡት ካሴቶች ስንቱ ማን እንደተጫወተበት የሚታወቀው በዚያች ወረቀት ብቻ ነው!

የአማርኛ ጽሑፍ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የዓለምን ፊደላት በአንድ ሥርዓት ከሚያስቀምጠው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ስም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። በኤምፒ3 ፋይሎች ውስጥ የሚጻፈው የድሮው መለያ ደግሞ ለርዕስ፣ ለድምፃዊና ለአልበም ስም ለእያንዳንዳቸው 30 ባይት ብቻ የሚሰጥና ለላቲን ፊደል የታሰበ በመሆኑ የእኛን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል፤ አዲሶቹ የመለያ ዓይነቶች ይቀበሉታል። የፋይል ስምም ገደብ አለው። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ለፋይል ስም 255 ባይት በሚፈቅድ ሥርዓት ላይ ከ85 ፊደል በላይ አይሄድም። የዘፈኑን ሙሉ ስንኝ ርዕስ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ፋይላቸው ለምን እንደማይጫን ሲጨነቁ ይቆያሉ።

ይህን ሁሉ ማስተካከል ያለብዎት ከመጫኑ በፊት ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለውን መለያ ሲቀይሩ ፋይሉ ራሱ ስለሚለወጥ ብዙዎቹ አገልግሎቶች እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይጭኑታል፤ በዚህ ኢንተርኔት አንድ ፊደል ለማረም ጊጋባይት ማቃጠል ነው።

ስለ ጥራት ለጠየቁት፣ እንደ ጉግል ድራይቭ ያለው ተራ ማከማቻ ዋቩን እንዳለ ይመልስልዎታል። መጠንቀቅ ያለብዎት ለሙዚቃ ተብለው ከተዘጋጁት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው አይቲዩንስ ማች የእርስዎን ዘፈን በመደብሩ ካገኘው የእርስዎን ቅጂ አይጭነውም፤ በሌላ መሣሪያ ላይ የሚያወርዱት የመደብሩን ቅጂ ነው፣ በሰከንድ 256 ኪሎቢት በሆነ ጥራት። በመደብሩ ያልተገኘውንም ጥራቱ ያልተቀነሰ ፋይል ከሆነ ወደዚሁ መጠን አሳንሶ ነው የሚጭነው። ለታወቀ አልበም ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ነገር ግን በካሴት የወጣው አልበምና በኋላ በሲዲ የታተመው አንዳንዴ በቅንብርም በርዝመትም ይለያያሉ፤ የካሴቱን የያዘ ሰው በሌላ ሊለወጥበት አይገባም።

ጣና ዳር፦

ይህን ያህል ማካበድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኔ ሁሉንም በቴሌግራም የራሴ መልእክቶች ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ በነፃ ነው፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፣ በስልክም በኮምፒውተርም ይገኛል። ለአንዲት እህት የአሜሪካ ዶላር ክፍያና ፕሮግራም መማር ምን ያደርግላታል?

ዓባይ ማዶ፦

ወንድሜ ጣና ዳር፣ ለመስማት ከሆነ ቴሌግራም ምቹ መሆኑን አልክድም። ለማስቀመጥ ግን አካውንቱ በስልክ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። ሲም ካርዱ ጠፍቶ ሳይተካ ቢቀር ወይም ሳይሠራ ከርሞ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ማን ይገባበታል? ለተወሰነ ጊዜ ካልተገባበትም አካውንቱ ራሱን እንዲሰርዝ የሚያደርግ ቅንብር አለው። ፎልደር በፎልደር አድርጎ ማስቀመጥና ሁሉም መኖሩን ቆጥሮ ማረጋገጥም አይመችም።

የስልክ ቁጥሩ ጉዳይ ቴሌግራምን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጠያቂዋ በሚከፍቱት የጉግል አካውንት ላይ የማረጋገጫ ኮዱ በአጭር መልእክት ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ሲሙ በጠፋበት ቀን የይለፍ ቃሉን በትክክል እያወቁም ከውጭ ሊቀሩ ይችላሉ። ጉግል ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆኑ 10 መጠባበቂያ ኮዶችን ይሰጣል፤ አትሞ ከቤቱ ካርታና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ማስቀመጥ ነው። ኮዶቹን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑ ሲሰረቅ መፈለግ ግን አይጠቅምም።

ወንድማቸው የሚከፍሉት ክፍያም መታሰብ አለበት። በጉግል የጋራ ጥቅል ውስጥ የሚገባ ሰው ፋይሎቹ በራሱ አካውንት ውስጥ ይቆያሉ፤ የሚጋራው ቦታውን ብቻ ነው። ወንድማቸው ካርዳቸው ሲቀየር ክፍያው ቢቋረጥ አካውንቱ ወደ 15 ጊጋባይት ይመለሳል። ከዚያ በላይ የያዘ አካውንት አዲስ ፋይል አይቀበልም፣ ኢሜይልም መላክና መቀበል ያቆማል፤ በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ከቆየ ደግሞ ይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል። ከዚህ የተለየ ሌላ ደንብም አለ፤ ለሁለት ዓመት ፈጽሞ ያልተገባበትን አካውንት ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2023 ዲሴምበር ጀምሮ መሰረዝ ጀምሯል። ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ስለሆነ «እኔው እከፍለዋለሁ» ተብሎ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ኩባንያው ትልቅ ነው ብሎ መተማመንም አያዛልቅም። ማይስፔስ በአንድ ወቅት ዓለም የሚጎርፍበት ገጽ ነበር፤ ሰርቨር ሲያዛውር እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2015 ድረስ ሰዎች የጫኑት ሙዚቃ እንደጠፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሰማ። ከ50 ሚሊዮን ዘፈን በላይ ነበር። ጉግልም የራሱን የሙዚቃ ማከማቻ፣ ጉግል ፕሌይ ሙዚክን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዘግቶታል። ያን ጊዜ ስብስቡን ወደ ዩቲዩብ ሙዚክ ማዛወር ይቻል ነበር፤ ማስታወቂያውን ያላየ ሰው ግን ቀረበት። መስመር ተቋርጦ ወራት በሚቆይበት አገር ማስታወቂያ ሳያዩ መቅረት እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ መብቱ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ አንድ ግለሰብ የታተመ ሥራን ለግል ጉዳዩ ብቻ በአንድ ቅጂ ማባዛቱን የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ለራስ ማስቀመጥና ለሕዝብ ማሰራጨት በጣም ይለያያሉ። ፎልደሩን «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» ብለው ከከፈቱትና ሊንኩ ከቡድን ወደ ቡድን ከዞረ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ አገልግሎቱም የመብት ጥያቄ ከቀረበለት ማጋራቱን ሊያግድ ይችላል። የአዝማሪዎቹ ቅጂም ባለቤት የሌለው ነገር አይደለም። ከዋኝ፣ ማለትም ዘፋኙ ወይም ተጫዋቹ፣ በክዋኔው ላይ በአዋጁ የታወቀ መብት አለው፤ አባታቸው ቴፑን ቢያስቀምጡም ተጫዋቹ እሱ ነው። ለዘመድ ማሰማት የሚፈልጉ ከሆነ በስም ለተጠቀሱ ሰዎች ብቻ፣ ማየት እንጂ ማረም ሳይፈቀድላቸው ያጋሩ። የማረም ፈቃድ የተሰጠው ዘመድ ስልኬ ሞላ ብሎ ሊሰርዘው ይችላልና።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማረም ፈቃዱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ አምስት እህትና ወንድም ነን፣ ለሁሉም ልሰጥ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከወንድሜ ክፍያ ነፃ ለመሆን ሁሉንም ወደ ኤምፒ3 ለውጬ በነፃው 15 ጊጋባይት ውስጥ ባስገባውና ዋቩን ብሰርዘው ምን ይመስላችኋል? በሒሳቤ በ320 ኪሎቢት 16 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ዝቅ ባደርገው ይገባል።

የድሮ ካሴት ቤት ሠራተኛ፦

ዋቩን እንዳይነኩት! የተሻገተ ካሴት ዳግመኛ ላይነበብ ይችላል፤ ከእንግዲህ ዋናው ያ ፋይል ነው። ኤምፒ3 ለጆሮ አይሰማም ብሎ የገመተውን ይጥላል፣ የተጣለውም አይመለስም። ወደፊት የቴፑን ሽውታ የሚቀንስ ወይም የተዳከመውን የማሲንቆ ድምፅ የሚያጠራ ሰው ብታገኙ የሚፈልገው ያልተቀነሰውን ነው። ይልቅ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ይለውጡት፤ ከድምፁ ምንም ሳይጥል ያሳንሰዋል። የካሴት ሽውታ በደንብ ስለማይታመቅ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ 70ው ወደ 40 ይወርዳል። የታወቁትን አልበሞች በሃርድ ዲስክ ብቻ ይያዟቸው፤ ቢጠፉም ከሌላ ሰብሳቢ ይገኛሉ። ክላውድ ላይ የሚወጣው የቤታችሁ ግማሽ ወደ 20 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ለመስሚያ ኤምፒ3 ከፈለጉ ከፍላኩ ሌላ ቅጂ ያውጡና እሱን በቴሌግራምም ይላኩት፤ እዚህ ላይ ከጣና ዳር ጋር እስማማለሁ።

ከፖሊ ግቢ፦

20 ጊጋባይቱን በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ለማውጣት 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መብራትም መሃል ላይ መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዚፕ አስረው አይጫኑት። በየካሴቱ ገጽ አንድ ፋይል ከሆነ የግማሽ ሰዓቱ ፍላክ 180 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ቢቋረጥብዎት የሚደግሙት ያንኑ አንዱን ነው።

ተጭኖ ሲያልቅ ጥቂቶቹን በሌላ ኮምፒውተር መልሰው አውርደው ይሞክሯቸው። ፍላክ በውስጡ የድምፁን መፈተሻ ቁጥር ስለሚይዝ፣ ፕሮግራሙን «ፈትሽ» ብለው ሲያዙት ፋይሉ የተበላሸ መሆን አለመሆኑን በማዳመጥ ሳይሆን በስሌት ይነግርዎታል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሁለት ይግዙና ሙሉውን 40 ጊጋባይት በሁለቱም ላይ ይገልብጡ፤ አንዱ እርጥበት በማይገባው ዕቃ ሆኖ ሽምብጥ ይቀመጥ፣ ሁለተኛውን ወንድምዎ ለክረምት ሲመጡ ይዘውት ይሂዱ። ያን ጊዜ የወርሃዊ ክፍያው መቀጠል አለመቀጠል ያን ያህል አያስጨንቅዎትም።